ዳላስ ቤት ለምትገዙ፦ የኢንሹራንሱን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ጣሪያውን እዩ

በረዶው የወረደው ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ሎሚ የሚያህል ነበር፣ አንዳንዱ ከሎሚም ይበልጣል። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ግቢው በተቆረጠ ቅጠል ተሸፍኗል፤ ከጣሪያው ውኃ የሚያወርደው ቱቦ ሥር ደግሞ ጥቁር አሸዋ የመሰለ ነገር ተከምሯል። አሸዋው ጣሪያውን ከሸፈነው ንጣፍ፣ ከሺንግሉ ላይ የተራገፈ ነው። ደነገጥኩ፣ ግን ብዙም አልተጨነቅኩም። ኢንሹራንስ አለኝ፣ በየወሩ እከፍላለሁ፣ ምን እሆናለሁ ብዬ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ጣሪያውን ለመቀየር 20,000 ዶላር ይፈጃል። ጣሪያው 12 ዓመት ስላገለገለ ከዋጋው 60 በመቶ ተቀንሷል፣ የቀረው 8,000 ነው። ዲዳክቲብልዎ፣ ማለትም ከራስዎ ኪስ የሚሸፍኑት፣ 8,000 ነው። የምንከፍልዎ 0። ሦስቴ አነበብኩት። ማንም አላታለለኝም፤ ሁሉም ነገር የፈረምኩበት ወረቀት ላይ ተጽፏል። እኔ ግን ቤቱን ስገዛ ያየሁት አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፦ በዓመት ስንት ነው የሚለውን።

ይህን የምጽፈው ዳላስ፣ ጋርላንድ፣ ፕላኖ፣ ሪቻርድሰንና በዚያ ዙሪያ ቤት ልትገዙ ላሰባችሁ፣ እንዲሁም ገዝታችሁ ፖሊሲያችሁን፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውላችሁን፣ አንድ ቀንም ከፍታችሁ ላላነበባችሁ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁም አካሄዱ ይጠቅማችኋል፤ ሕጉ ግን እንደየስቴቱ ይለያያል።

1. ቀደም ብላችሁ ጀምሩ

ቴክሳስ ውስጥ የቤት ኢንሹራንስ ግዛ የሚል ሕግ የለም። የሚያስገድዳችሁ ብድሩን የሰጣችሁ ባንክ ነው። ባንኩ ደግሞ የሚያስበው ለራሱ ገንዘብ ነው፤ እናንተ ከኪሳችሁ 8,000 ብታወጡ ጉዳዩ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ክሎዚንግ፣ ግዢው የሚጠናቀቅበት ቀን፣ ሦስት ቀን ሲቀረው ብድሩን የያዘው ሎን ኦፊሰር ይደውልና «ኢንሹራንሱስ?» ይላል። እናንተም ዕቃ እየጠቀለላችሁ የመኪና ኢንሹራንስ ወደሸጠላችሁ ሰው ትደውላላችሁ፤ እሱ በአስር ደቂቃ ውስጥ ዋጋ ይልካል፤ በስልክ ላይ ትፈርማላችሁ፣ አለቀ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የግዢ ውሉን በፈረማችሁበት ሳምንት ጀምሩ። ይህ የጥንቃቄ ምክር ብቻ አይደለም። ጣሪያው ካረጀ ጭራሽ አንሸፍንም የሚል ኩባንያ አለ፤ ያንን ቤቱን የመተው መብታችሁ ሳያልቅ ብታውቁት ይሻላል።

2. አካባቢው ምን እንደሚያመጣ እወቁ

ዳላስ አካባቢ ዋናው ጠላት በረዶ ነው። አዲስ አበባ ክረምት ላይ ወርዶ ልጆች የሚለቅሙትን አታስቡ። እዚህ ከማርች እስከ ጁን ባለው ጊዜ የመኪና መስታወት የሚሰብር ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1995 ሜይ 5 ፎርት ዎርዝ ሜይፌስት በሚባለው የአደባባይ ፌስቲቫል ላይ የወረደው ብዙ ሰው አቁስሏል።

ቀጥሎ ቶርኔዶ። ዲሴምበር 26 ቀን 2015፣ የፈረንጅ ገና በዋለ ማግስት፣ ብዙ የእኛ ሰው የሚኖርበትን ጋርላንድንና ጎረቤቱን ራውሌትን የመታው ቶርኔዶ 10 ሰው ገድሏል። ኦክቶበር 20 ቀን 2019 ደግሞ ሰሜን ዳላስን አቋርጦ ሪቻርድሰን ደረሰ፤ ሰው ባይሞትም ያፈረሰው ብዙ ነው። ከዚያ የፌብሩዋሪ 2021 ከባድ ብርድ መጣ፤ መብራት ለቀናት ጠፋ፣ ቧንቧ ቀዘቀዘና ፈነዳ፣ ኮርኒስ ወረደ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ላስፈራራችሁ አይደለም። ኢንሹራንሱ እያንዳንዱን ለየብቻ ነው የሚያየው። በረዶና ቶርኔዶ «ነፋስና በረዶ» በሚባለው ክፍል ይገባሉ። የፈነዳ ቧንቧ በሌላ ክፍል ይሸፈናል። ጎርፍ ግን የትም የለም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሂዩስተን ላላችሁ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል፣ ጎርፍ አንደኛ ይሆናል። ጋልቨስተንና ባሕሩ ዳር ያላችሁ ደግሞ የተለመደው ፖሊሲ ነፋስን ከነአካቴው ሊያወጣባችሁ ይችላል። ለዚያ ቴክሳስ ዊንድስቶርም ኢንሹራንስ አሶሴሽን የሚባል አለ፤ 14 የባሕር ዳር ካውንቲዎችንና የሃሪስ ካውንቲን ከፊል ይሸፍናል።

3. የጣሪያውን ዕድሜ በወረቀት ያዙ

ሻጩ «ጣሪያው አዲስ ነው» ይላል። አዲስ ማለት ስንት ዓመት ነው? ደረሰኝ ጠይቁ። ደረሰኝ ከሌለ ከተማው የሰጠው የሥራ ፈቃድ ካለ ይፈለግ። ቤቱን የሚመረምርላችሁ ኢንስፔክተርም ጣሪያው ላይ ወጥቶ የገመተውን ዕድሜ ሪፖርቱ ላይ እንዲጽፍ ንገሩት።

ሌላው ክሉ የሚባለው ሪፖርት ነው። ቤቱ ላይ ባለፉት 7 ዓመታት ምን ክሌም (የካሳ ጥያቄ) እንደቀረበ ያሳያል። ማውጣት የሚችለው ባለቤቱ ስለሆነ ሻጩ አውጥቶ እንዲያሳያችሁ ቤቱን በሚያገዛችሁ ሪልተር በኩል ጠይቁ። ሻጩ ለበረዶ ካሳ ተቀብሎ ከሆነ እዚያ ላይ ይታያል፤ ጣሪያውን ሳይቀይር ገንዘቡን በልቶት እንደሆነ ከጣሪያው ደረሰኝ ጋር አስተያዩ። ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው። እንዲህ ያለ ቤት ገዝታችሁ በሚቀጥለው ዓመት በረዶ ቢመታችሁ፣ ጉዳቱን የሚገምተው የኢንሹራንሱ ሰው፣ አጀስተሩ፣ መጥቶ «ይሄ የድሮ ጉዳት ነው» ይላችኋል።

4. ቤቱ የሚሸፈንበት መጠን ከገዛችሁበት ዋጋ የተለየ ነው

ፖሊሲው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ድዌሊንግ ወይም ከቨሬጅ ኤ የሚል መስመር አለ። ቤቱ ቢወድም እንደገና ለመሥራት የሚፈጀው ገንዘብ ነው። መሬቱ አይቆጠርም፣ መሬት አይቃጠልም። ስለዚህ በ450,000 የተገዛ ቤት 400,000 ሊጻፍለት ይችላል፤ በ300,000 የተገዛ ሰፊ የድሮ ቤትም 380,000 ሊጻፍለት ይችላል። ኢንሹራንሱን የሚሸጥላችሁን ኤጀንት ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። የቤቱን ስፋት፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቁጥር፣ የግድግዳውን ዓይነት በትክክል አስገብቶ እንደሆነ አብራችሁ እዩ።

ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ዋጋ ማርከስ ቀላል ዘዴ ነው። አትቀበሉት። ቶርኔዶ ሰፈሩን ሁሉ ሲመታ የሠራተኛም የዕቃም ዋጋ አብሮ ይሰቀላል፤ ለዚህ ሲባል ከተጻፈው መጠን በላይ 25 በመቶ የሚጨምር ተጨማሪ ሽፋን የሚሸጡ አሉ። ዋጋው ብዙ ካልሆነ እኔ እወስደዋለሁ።

5. ዲዳክቲብል፦ ሁለት ፐርሰንት የምንድን ነው?

እኔን የበላኝ ቦታ ይህ ነው፣ ቀስ ብለን እንሂድ።

ዲዳክቲብል ካሳ ከመከፈሉ በፊት ከኪሳችሁ የምትሸፍኑት ነው። መኪና ላይ እናውቀዋለን፤ 500 ወይም 1,000 ነው፣ በቃ። ቤት ላይ ግን ቴክሳስ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው። አንዱ ለእሳት፣ ለሌባ፣ ለፈነዳ ቧንቧና ለመሳሰለው። ሌላው ለነፋስና ለበረዶ ብቻ። የሁለተኛው ብዙ ጊዜ በዶላር ሳይሆን በፐርሰንት ይጻፋል፤ 1 ወይም 2 ፐርሰንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

የሚሰላው ከጉዳቱ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኔም «የ20,000 ዶላር ጣሪያ ሁለት ፐርሰንት 400 ዶላር፣ ምን አላት» ብዬ ነበር። የሚሰላው ግን ከድዌሊንጉ ነው። የ400,000 ሁለት ፐርሰንት 8,000 ነው። በዚያ ላይ ድዌሊንጉ በየዓመቱ እድሳት ሲሆን ከፍ ይላል፤ እሱ ሲጨምር ዲዳክቲብሉም ዝም ብሎ አብሮ ይጨምራል። ማንም ደውሎ አይነግራችሁም።

ታዲያ 1 ወይስ 2? ቀላል ስሌት አለ። ለኤጀንቱ ሁለቱንም ዋጋ ላክልኝ በሉት። በ400,000 ቤት ላይ ልዩነታቸው 4,000 ዶላር ነው። ሁለት ፐርሰንቱን በመያዛችሁ በዓመት 500 ዶላር ከቀነሰላችሁ፣ 4,000ዋን ለማትረፍ ስምንት ዓመት ያለ በረዶ መቆየት አለባችሁ። ዳላስ ውስጥ ስምንት ዓመት? እኔ አልወራረድም። ልዩነቱ በዓመት 1,200 ከሆነ ግን ወሬው ሌላ ነው፣ በረዶ ባልወረደበት ዓመት ያተረፋችሁትን ለብቻው አስቀምጡና 2 ያዙ። ዛሬ ባንክ ውስጥ 8,000 የሌለው ሰው ግን ስሌት ሳያበዛ 1 ፐርሰንቱን ይያዝ። ጣሪያ አፍስሶ ልጆች ክፍል ውኃ እየገባ ብድር መፈለግ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

6. የአዲስ ዋጋ ወይስ የአሮጌ ዋጋ?

አንድ የሰፈራችን አባት አሉ፣ ብዙ ዓመት እዚህ የኖሩ። ደብዳቤውን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው አንዴ አዩት። «ልጄ፣ ጣሪያህን በአሮጌ ዋጋ ነዋ ያስገቡልህ!» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም እንደሳቸው ነው የምጠራው።

የአዲስ ዋጋ፣ በወረቀቱ አጠራር ሪፕሌስመንት ኮስት፣ ማለት ጣሪያውን ዛሬ በአዲስ ለመቀየር የሚፈጀውን ዲዳክቲብሉን ቀንሰው ይከፍላሉ ማለት ነው። የአሮጌ ዋጋ፣ አክቹዋል ካሽ ቫልዩ፣ ማለት በመጀመሪያ ለዕድሜው ይቀንሳሉ፣ ከዚያ ዲዳክቲብሉን ይቀንሳሉ፣ የተረፈ ካለ ይሰጣሉ። የእኔ 20,000 በአዲስ ዋጋ ቢሆን ኖሮ 12,000 ይደርሰኝ ነበር። በአሮጌ ዋጋ ሆኖ ዜሮ ደረሰኝ። ያው ጣሪያ፣ ያው በረዶ፣ ያው ዲዳክቲብል። ለዚህ ያተረፍኩት በዓመት 540 ዶላር ነው።

ልብ በሉ፣ ፖሊሲው ፊት ለፊት ላይ ሪፕሌስመንት ኮስት ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ቤቱ በአዲስ ዋጋ ሆኖ ጣሪያው ብቻ በአሮጌ ዋጋ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ያ የሚጻፈው ወደኋላ፣ ኢንዶርስመንት በሚባሉት ገጾች ላይ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሰንጠረዥ ይለጥፋል፦ ጣሪያው ይህን ያህል ዓመት ከሞላው ይህን ያህል በመቶ ብቻ እንከፍላለን የሚል። ሌላው ጣሪያው 10 ወይም 15 ዓመት ሲሞላው በራሱ ወደ አሮጌ ዋጋ ይለውጠዋል። ስለዚህ ኤጀንቱን «ሪፕሌስመንት ኮስት ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ አዎ ይላል፣ አልዋሸም። እንዲህ ጠይቁት፦ «ነገ በረዶ ጣሪያውን ቢያበላሸው፣ ጣሪያው ዛሬ ባለው ዕድሜ፣ ዕድሜው ይቀነስብኛል ወይ? የሚቀነስብኝስ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ነው? ገጹን አሳየኝ።» መልሱን በኢሜይል አድርጉት።

አንድ ሌላ ቃል ፈልጉ፦ ኮስሜቲክ። ጣሪያችሁ ብረት ከሆነ በተለይ። በረዶው አጎድጉዶት ግን ካላፈሰሰ «መልኩ ነው የተበላሸው» ብለው የማይከፍሉበት አንቀጽ ነው።

ጣሪያ የምትቀይሩ ከሆነ ክላስ 4 ስለሚባለው ሺንግል ጠይቁ። 2 ኢንች የብረት ኳስ ከ20 ጫማ ከፍታ ተለቆበት ያልተሰነጠቀ ማለት ነው። ከተራው ይወደዳል፤ ብዙ ኩባንያዎች ግን ቅናሽ ይሰጡበታል። ከመግዛታችሁ በፊት ቅናሹ ስንት እንደሆነ ከኩባንያችሁ ስሙ፤ አንዳንዱ ቅናሹን ሲሰጥ የኮስሜቲኩን አንቀጽ አስፈርሞ ነው።

7. የሌለውን ፈልጉ

ጎርፍ። ከውጭ ተነሥቶ የገባ ውኃ በተለመደው የቤት ፖሊሲ አይሸፈንም። ኦገስት 2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ሂዩስተንን ሲያጥለቀልቅ ቤታቸው ውኃ ከገባባቸው ሰዎች ብዙዎቹ የጎርፍ ኢንሹራንስ አልነበራቸውም፤ ባንካቸው ስላልጠየቃቸው አያስፈልግም ብለው ነበር። ባንክ የሚጠይቀው ፌማ በሚባለው የፌዴራሉ መንግሥት የአደጋ መሥሪያ ቤት ካርታ ላይ ከፍተኛ ስጋት ያለበት ዞን ከሆነ ነው፤ ውኃው ግን ካርታ አያነብም። የመንግሥቱ የጎርፍ ፕሮግራም ለቤቱ እስከ 250,000፣ ለዕቃው እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል። ከገዛችሁት በኋላ ሥራ ለመጀመር በአብዛኛው 30 ቀን ይፈጃል፤ ቤቱን ስትገዙ ከብድሩ ጋር አብሮ ከተያዘ ግን መጠበቅ የለም። አውሎ ነፋሱ በዜና ከተነገረ በኋላ መደወል ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የፍሳሽ መመለስ። ከሽንት ቤት ወይም ከወለሉ ፍሳሽ ተመልሶ ሲወጣ የሚሸፍነው ተጨማሪ ነው። ርካሽ ነው፣ ጨምሩት።

መሠረት። የዳላስ አፈር ጥቁር ሸክላ ነው፤ ሲዘንብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቤቱም አብሮ ይነቃነቃል። ኮቲቻ መሬት ላይ ያደገ ሰው ይገባዋል። ከአፈሩ የመጣ የመሠረት ስንጥቅ አይሸፈንም። ከወለል በታች ያለ ቧንቧ አፍስሶ ለሚመጣው ግን የሚጨመር ሽፋን አለ።

የድሮ ቤት ከሆነ ኦርዲናንስ ኦር ሎው የሚባለውንም ጠይቁ። ከተማው አሁን በሚጠይቀው ደረጃ አሻሽላችሁ ሥሩ ሲል ለሚመጣው ተጨማሪ ወጪ ነው።

8. የእኛ ቤት ጉዳዮች

ወርቅ። የሠርግ ወርቅ፣ የእናት ወርቅ፣ ከዱባይ የመጣ ወርቅ። ሌባ ከወሰደው ተራው ፖሊሲ ጌጣጌጥ ላይ የክፍያ ገደብ አለው፤ በብዙዎቹ ፖሊሲዎች 1,500 ዶላር አካባቢ ነው። የእቁብ ብር ደግሞ ይብሳል፦ ጥሬ ገንዘብ ላይ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ ከ200 ዶላር አያልፍም። የእናንተ ተራ ደርሶ 15,000 ቤት ካደረ፣ ያ ገንዘብ ኢንሹራንስ የለውም በሉ። ወርቁን በዝርዝር ማስመዝገብ ይቻላል፤ ፎቶና የተገመተበት ወረቀት ይጠይቃሉ።

አገር ቤት መሄድ። ለገናና ለጥምቀት ስድስት ሳምንት ሄደን ስንመለስ ቤቱ እንደነበረ እንዲጠብቀን እንፈልጋለን። ጃንዋሪ ግን እዚህ ቧንቧ የሚቀዘቅዝበት ወር ነው። ብዙ ፖሊሲ በብርድ የፈነዳ ቧንቧን የሚከፍለው ማሞቂያው እንዲበራ ካደረጋችሁ ወይም ውኃውን ዘግታችሁ ቧንቧውን ባዶ ካደረጋችሁ ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ዋናውን ውኃ ዝጉ፣ የቤት ውስጥ ቧንቧዎቹን ከፍታችሁ አፍስሱ፣ ቁልፍ ለጎረቤት ስጡ። ቤቱ ባዶ ሆኖ ረጅም ጊዜ ከቆየም አንዳንድ ሽፋን ይቋረጣል፤ ስንት ቀን እንደሆነ ፖሊሲያችሁ ላይ እዩ።

ክፍል ማከራየት፣ ቤት ውስጥ ልጆች መጠበቅ፣ ቤት ውስጥ ምግብ አዘጋጅቶ መሸጥ። ለኤጀንቱ ንገሩት። ባትነግሩት ዋጋው ይረክሳል፣ የተከራዩ ልጅ ደረጃ ላይ ወድቆ የተከሰሳችሁ ቀን ግን ማንም አጠገባችሁ አይቆምም። በነገራችን ላይ ላያቢሊቲ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ክስ ነው፤ ከ100,000 ወደ 300,000 ሲያድግ ዋጋው ላይ ብዙም አይታይም።

9. ዋጋ ሰብስቡ፣ ይሉኝታ ግን ተዉ

ቢያንስ ከሦስት ቦታ አስመጡ። የአንድ ኩባንያ ብቻ የሚሸጥ ኤጀንት አለ፣ የብዙ ኩባንያ የሚሸጥም አለ፤ ከሁለቱም ሞክሩ። ሄልፕ ኢንሹር የሚባለው የቴክሳስ መንግሥት ድረ ገጽም ኩባንያዎችን ያነጻጽርላችኋል። ለሁሉም ያንኑ ስጡ፦ ያው ድዌሊንግ፣ ያው ዲዳክቲብል፣ ጣሪያ በአዲስ ዋጋ። አለበለዚያ የምታነጻጽሩት እንጀራን ከዳቦ ጋር ነው።

ኩባንያው ሰርፕላስ ላይንስ የሚባለው ዓይነት መሆኑን ጠይቁ። ሌላው እምቢ ያለውን ቤት የሚቀበሉት እነሱ ናቸው፣ አንዳንዴም አማራጭ አይኖርም። ግን ኩባንያው ቢከስር የስቴቱ ዋስትና ፈንድ እነሱን አይሸፍንም።

ቴክሳስ ውስጥ ክሬዲታችሁ፣ ማለትም የዕዳ አከፋፈል ታሪካችሁ፣ ዋጋው ላይ ይገባል። ከፍቺ፣ ከከባድ ሕመም ወይም ከሥራ መባረር የተነሣ ወድቆ ከሆነ ኩባንያው እንዲያይላችሁ በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ይሉኝታውን ያነሣሁት ለምን መሰላችሁ? ብዙ ጊዜ ኤጀንቱ የአገር ሰው ነው። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ትተዋወቃላችሁ፣ ልደት ላይ አብራችሁ በልታችኋል። «ገጹን አሳየኝ» ማለት አላመንኩህም ማለት ይመስለናል። እኔም ያልጠየቅኩት ለዚህ ነው። ጥሩ ኤጀንት ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፣ የሚያኮርፍ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

10. ከፈረማችሁ በኋላ

ዲክላሬሽን የሚባለውን የፖሊሲውን የመጀመሪያ ገጽና ስለ ጣሪያው የሚናገረውን ኢንዶርስመንት አትሙና ሦስት ቦታ አስምሩ፦ ድዌሊንጉ፣ የነፋስና በረዶው ዲዳክቲብል (በዶላር አስልታችሁ)፣ የጣሪያው አንቀጽ። በየዓመቱ አዲሱ ሲመጣ ከአሮጌው ጎን አስቀምጡት። ኩባንያዎች እድሳት ላይ የጣሪያውን ሽፋን ይለውጣሉ፤ ማስታወቂያ ይልካሉ፣ እኛ ማስታወቂያውን ከኩፖን ጋር እንጥለዋለን። ክፍያው በእስክሮ፣ ባንኩ በሚይዘው ሒሳብ፣ ከቤቱ ብድር ወርሃዊ ክፍያ ጋር ስለሚሄድ የጨመረው የሚታወቀን ወርሃዊው ሲጨምር ብቻ ነው። ኩባንያ ስትቀይሩ ለባንኩ አሳውቁ፤ ኢንሹራንስ የለም ብሎ ካሰበ ራሱ ውድ የሆነውን ገዝቶ ሒሳቡን እናንተ ላይ ይጭነዋል።

ስልካችሁን ይዛችሁ ክፍል በክፍል ቪዲዮ ቅረጹ፤ ቁም ሣጥኑን ክፈቱ፣ መሳቢያውን ሳቡ። ጣሪያውንም ከአራቱም አቅጣጫ አንሡ፣ በረዶ ሳይነካው።

11. በረዶው የመጣ ቀን

ገና አየሩ ሳይጠራ በሩን የሚያንኳኩ ጣሪያ ሠሪዎች ይመጣሉ። ቴክሳስ ለጣሪያ ሠሪ የስቴት ላይሰንስ አትጠይቅም፤ መሰላልና ፒካፕ ያለው ሁሉ ጣሪያ ሠሪ ነው። «ዲዳክቲብሉን እኛ እንችለዋለን» ካሏችሁ በሩን ዝጉ። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ ይህ በቴክሳስ ወንጀል ነው፤ ኢንሹራንሱም ዲዳክቲብሉን መክፈላችሁን የሚያሳይ ማስረጃ መጠየቅ ይችላል። «ከኢንሹራንሱ ጋር እኛ እንደራደርላችኋለን» የሚለውም አይፈቀድላቸውም፤ ጣሪያውን የሚሠራ ሰው ስለ ካሳው መደራደር አይችልም። የመጡበት ቀን ምንም አትፈርሙ።

የሚያፈስ ካለ በሸራ ሸፍኑት፣ ደረሰኙን ያዙ፣ ፎቶ አንሡ፣ ደውሉ። ብዙ ፖሊሲ የበረዶ ክሌም በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ አይቀበልም። ከመደወላችሁ በፊት ግን አንድ የምታምኑት ጣሪያ ሠሪ ይገምትላችሁ፤ ጉዳቱ ከዲዳክቲብላችሁ በታች ከሆነ ክሌሙ መዝገባችሁ ላይ ከመግባት በቀር የሚያመጣላችሁ የለም።

በአዲስ ዋጋ ከሆናችሁ ገንዘቡ ብዙ ጊዜ በሁለት ቼክ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የአሮጌውን ዋጋ ዲዳክቲብሉን ቀንሰው ይልካሉ፣ ሥራው ሲያልቅና ደረሰኝ ስትልኩ የቀረውን። የመጀመሪያው ቼክ ሲያንስ ተበላሁ ብላችሁ አትጩሁ፣ ወረቀቱ ላይ የሚመለስ ቅናሽ (ሪከቨራብል ዲፕሪሲዬሽን) የሚል መስመር ፈልጉ። ቼኩ ላይ የባንካችሁም ስም ሊኖር ይችላል፣ እንዲፈርሙበት መላክ ይኖርባችኋል፤ ይህ ሳምንታት ስለሚበላ ለጣሪያ ሠሪው ቀድማችሁ ንገሩት።

አዲሱ ጣሪያ ሲያልቅ ቀኑና የሺንግሉ ዓይነት የተጻፈበትን ደረሰኝ ተቀበሉ። አንዱን ለኤጀንቱ ላኩና የጣሪያው ዕድሜ ፖሊሲው ላይ እንዲስተካከል አድርጉ፤ ካልላካችሁ ኩባንያው ዘንድ ጣሪያችሁ አሁንም 12 ዓመቱ ነው። ዋናውን ፓስፖርታችሁ ያለበት ቦታ አስቀምጡት።